ሁዳዴ ሲገባ ኪራዩ አይጾምም
(በደብረ ብርሃን ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ፣ ሱቃችሁን ለልጅ ወይም ለጎረቤት አደራ ብላችሁ መምጣታችሁ ራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። የመጣሁት ሱቁ ተዘግቶ በሚውልበት ቀን እንኳ ስለሚቆጥርብን ወጪ ልነግራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚሁ ከተማ ወተት ቤት ከፍቼ ነበር። ጥቅምት ላይ ስጀምር ገበሬዎቹ ከአንጎለላ በኩል ገና ሳይነጋ ወተቱን ያደርሱልኛል፤ እስከ ረፋድ ድረስ ተሸጦ ያልቃል። መሳቢያዬ ገንዘብ አጥቶ አያውቅም፤ እኔም ያ ሁሉ ትርፍ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ 55 ቀን። ገዢው ከልጆች ወተትና ከማይጾሙ ደንበኞቼ በቀር ጠፋ። ለገበሬዎቹ የምከፍለውም አብሮ ቀነሰ። አከራዬ ግን በወሩ መጨረሻ እንደ ወትሯቸው መጡ፤ የምታግዘኝ ልጅም ደመወዟን ትጠብቃለች። እናቴ የሰጠችኝን የወርቅ ጉትቻ ሸጬ ኪራይ ከፈልሁ፤ በኋላም ሱቁን ዘጋሁ። ያን ጊዜ «ገበያው ከዳኝ» ብዬ አለቀስሁ። ነገር ግን ሁዳዴ በየዓመቱ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? እኔ የማላውቀው በወር ስንት ቋሚ ወጪ እንደተሸከምሁ ነበር።

ቋሚ ወጪ የምንለው ብንሸጥም ባንሸጥም የሚከፈለውን ነው። ተለዋዋጩ ደግሞ ከሽያጩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ለስሌት እንዲቀለን በምሳሌ ቁጥር እንየው። ኪራይ በወር 9,000 ብር፣ የሠራተኛ ደመወዝ 6,000፣ ጥበቃ 600፣ ፈቃድ ማሳደስንና መሰል ዓመታዊ ክፍያዎችን ለ12 ወር ስናካፍል 400 ይሁን። ድምሩ 16,000 ነው። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ሁለት ነገር ግን ቀርቷል። በ72,000 ብር የተገዛው ማቀዝቀዣ 6 ዓመት ቢያገለግል በየወሩ 1,000 ብር እያለቀ ነው፤ ዛሬ ካላስቀመጥንለት ሲበላሽ ብድር እንጠይቃለን። ሁለተኛው የራሳችን ድካም ነው። ሌሊት 11 ሰዓት የምትነሣው እናት ደመወዝ የላትም ያለው ማን ነው? 8,000 ጻፉላት። ቋሚ ወጪያችን 25,000 ሆነ።

አሁን አንድ ሊትር ወተት እንውሰድ። ለገበሬው 60 ብር፣ ለማጓጓዣ 3፣ ለማሸጊያ 1፣ ለሚፈሰውና ለሚበላሸው 1፤ በድምሩ 65 ነው። በ80 ብንሸጠው 15 ብር ይተርፈናል። ያ 15 ብር ገና ትርፍ አይባልም፤ አስቀድሞ 25,000ውን መሸፈን አለበት። 25,000ን ለ15 ስናካፍል በወር 1,667 ሊትር፣ በቀን 56 ሊትር ገደማ ይደርሳል። በቀን 40 ሊትር የሚሸጥ ሰው በ16,000ው ስሌት ወር ሙሉ ሠርቶ 2,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ በትክክለኛው ስሌት ግን 7,000 ከስሯል። የሚበላው ማቀዝቀዣውንና ጉልበቱን ነው። እኔ ያለቀስሁትን ያህል ሌላ ሰው እንዳያለቅስ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የገበሬው ዋጋ በ5 ብር ቢጨምርና እኛ ባንጨምር፣ የሚተርፈን 10 ብር ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ወጪ ለመሸፈን 2,500 ሊትር መሸጥ ይኖርብናል። በሊትር አምስት ብር ብቻ ስትጨመር ሥራችን በግማሽ ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ የመግዣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ስሌቱ በዚያው ቀን ይታደስ።

መብራት ከሁለቱም ወገን ነው። ማታ ሱቁን ስትዘጉ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፤ ጠዋት ስትከፍቱ ደግሞ እዩት። በመሃል የጨመረው ማቀዝቀዣው ሰው በሌለበት የበላው ነውና ወደ ቋሚው ይሂድ። ወተት የምታፈሉበት፣ ሻይ የምትጥዱበት ግን ተለዋዋጭ ነው። ይህን አንድ ሳምንት ብትመዘግቡ ከግምት ትላቀቃላችሁ።

የሰውን ስሌት እንዳለ አትቅዱ። ከታርማበር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። እዚህ ብርዱ የሚጠብቅልን ወተት እዚያ ቶሎ ይጎመዝዛል። ስለዚህ የሮቢቱ ነጋዴ ለብልሽት ከ1 ብር በላይ መያዝ አለበት፤ ማቀዝቀዣውም መብራት ይበላበታል። አዲስ የምትጀምሩም ኪራይን አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትወስኑ፤ ሦስት ቤት ጠይቁ። ወጪውን ከፍ፣ ሽያጩን ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ።

ወደ ጾሙ ልመለስ። ረቡዕና ዓርብ ምንም ካልተሸጠ በወር 8 ቀን ይጎድላል። በቀሪው 22 ቀን 56 ሳይሆን 76 ሊትር ያስፈልጋል። ለሁዳዴው 55 ቀን ደግሞ ቋሚ ወጪው 46,000 ብር ገደማ ነው፤ በሌሎቹ 10 ወራት በየወሩ 4,600 ቢቀመጥ ይሸፈናል። እኔ ሱቁን መልሼ ስከፍት ለዚህ ገንዘብ የተለየ የባንክ ደብተር አወጣሁ። በጾሙ የተረፈውን ወተት እናቶቻችን እንደሚያደርጉት እየናጥሁ ቅቤ አወጣለሁ፤ ለፋሲካ የሚፈለግ ቅቤ ነው። ቢሆንም ገንዘቡ የሚገባው ቅቤው ሲሸጥ ነው፤ ኪራዩ እስከዚያ አይታገሥም።

በእጃችሁ የተሰጣችሁን ደብተር ክፈቱ። ገጹን መሃል ለመሃል በመስመር ክፈሉት፤ በግራ «ቋሚ»፣ በቀኝ «ተለዋዋጭ» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን አብረን እንሙላ፤ በግራ በኩል፣ የሱቅ ኪራይ።