መጀመሪያ ትቁም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለሆንኩ ስለምወዳት መኪና እንደ ልቤ ላወራ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መኪናዋ የ1966 ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። ሞተሯ ቪ8 ነው፤ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሊትር 6.4 አካባቢ። ፋብሪካው 335 የፈረስ ጉልበት አላት ይላል። ባለ ሦስት ካርቡራተሯ ደግሞ 360። ታዲያ ይህን ሁሉ ብረት የሚያቆመው ምን መሰላችሁ? በአራቱም ጎማ 9 ኢንች ተኩል ታምቡር፤ ከውስጥ ሸራ እየተገፋበት የሚቆም ክብ ብረት ማለት ነው። በቃ። ዲስክ ፍሬን፣ በሁለት ፓድ መሃል ተጨብጦ የሚቆመው ሳህን፣ ለጂቲኦ በአማራጭነት እንኳን የቀረበው በ1967 ሞዴል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ፖንቲያክ ውስጥ እነ መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያን መላ ዘየዱ። ትልቁን ሞተር ለማንስ የምትባለው መካከለኛ መኪናቸው ተጨማሪ ዕቃ አድርገው አስገቡት። ገበያው አበደ። በ1966 ብቻ ወደ 97,000 የሚጠጋ ጂቲኦ ተሸጠ። ሞተሩ የገባው ግን ለቤተሰብ በተሠራ መኪና ውስጥ ነው። ፍሬኑም የቤተሰብ መኪና ፍሬን ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ እንዲህ ያለች መስል ካር፣ ማለትም ትልቅ ሞተር የተገጠመላት የአሜሪካ መኪና፣ እጃችሁ ከገባች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሞተሩን አትንኩ። መጀመሪያ መቆም ትቻል። ቀጥሎ ሙቀቷ ይስተካከል። ከዚያ ካምቢዮ። ጉልበት መጨመር የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ግን ካርቡራተርና የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ካምሻፍት ላይ ገንዘቡን ይጨርስና ለፍሬኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ይሄ ያናድደኛል። መንገዱ ላይ እኮ ብቻችንን አይደለንም።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የተራራውን ጀርባ ይዞ የሚሄድ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ። 105 ማይል ይረዝማል። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ብቻ ነው፤ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር። በዚህ ፍጥነት ምን ይመጣል ትሉ ይሆናል። ወደ ፍሮንት ሮያል ከተማ የሚያወርደውን ቁልቁለት በታምቡር ፍሬን ውረዱትና ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ፔዳሉ ደህና ነው። ጥቂት ኩርባ እንዳለፋችሁ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። ከዚያ እናንተ ትረግጣላችሁ፣ መኪናዋ አትሰማም።

ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል። ሸራው ያለው ደግሞ ከውስጥ ነው። በጋለ ቁጥር ብረቱ ከሸራው ይሸሻል፣ እሱን ለመድረስ ፔዳሉን የበለጠ መርገጥ አለባችሁ። ሸራው ራሱም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ሙቀቱ እዚያው ተዘግቶ ይቀራል። ዲስክ ግን ገላጣ ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል። ሲግል የሚሰፋውም ወደ ፓዱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ።

እኔን ከታምቡሩ በላይ ያስፈራኝ ግን ማስተር ሲሊንደሩ ነው፤ ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ፤ ሙያውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የተማሩ። መኪናዋን ላሳያቸው ወስጃት ኮፈኑን ከፈቱ። ያ ሁሉ ሰው የሚደነቅበትን ሞተር ዞር ብለው አላዩትም። በቀጥታ ማስተር ሲሊንደሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይቺ አንድ ዓይና ናት» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ድርብ አድርግላት። ሞተሩን በኋላ ታደንቀዋለህ።»

እውነታቸውን ነው። የ1966ቷ ማስተር ሲሊንደር የፍሬን ዘይት የሚይዝበት ክፍል አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ይተኛል። በ1967 ሞዴል ለሁለት ተከፈለ፤ የፊቱ ቢሄድ የኋላው ይተርፋል። ገንዘብ የለኝም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ይቀይር።

እኔ ከፊት 11 ኢንች ዲስክ አስገባሁ። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በኋለኞቹ የዚህች መኪና እህቶች ላይ የተጠቀመበት ዓይነት ስለሆነ መቁረጥም መበየድም የለበትም። የድሮው 14 ኢንች ቸርኬ ካሊፐሩን፣ ማለትም ፓዶቹን የሚይዘውን መጭመቂያ፣ ስለሚነካው ወደ 15 ተዛወርኩ። ከኋላ ታምቡሩን ተውኩት። ሲፈሬን ክብደቱ ወደፊት ስለሚደፋ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ግን ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ከሆነ ግፊቱን የሚመጥን ቫልቭ ያስፈልጋል። አለበለዚያ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናዋ ትዞራለች። ለታምቡር የተሠራውን ማስተር ሲሊንደር ለዲስክ መጠቀምም አይሆንም። መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ሆን ብሎ ያስቀራል። ዲስክ ላይ ሲሆን ፓዱ ሳትረግጡት ይዞ ይቀራል።

የድሮውን የፍሬን ጎማ ቱቦ ፈትቼ በቢላ ሰነጠቅኩት። ከውጭ ስታዩት ጤነኛ ነው፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። ውስጡ ግን አብጦ አብጦ የቀረው ቀዳዳ መርፌ ቢያስገባ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ዘይቱን በግፊት ያሳልፈዋል፣ መልሶ ግን አይለቀውም። ዕድሜያቸውን ለማታውቁት ቱቦዎች እዘኑላቸው፣ ግን አውጥታችሁ ጣሏቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፍሬን ማገዣው፣ ማለትም ቡስተሩ፣ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ቫኪዩም ነው። ትልቅ ካምሻፍት ስታስገቡ ይህ ቫኪዩም ይቀንሳል። እና ያ «መጀመሪያ ጉልበት» የሚለው ሰው ጉልበቱን ሲጨምር ፍሬኑን ያዳክማል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ወደ ሙቀት እንሂድ። በሐምሌ ዋሽንግተንን የሚከብበው 495 አውራ ጎዳና ላይ ተዘግቶባችሁ ያውቃል? የድሮ መኪና የሚፈተነው እዚያ ነው። ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ቆማ ነው የምትግለው ወይስ ስትሮጥ? ቆማ የምትግል ከሆነ ችግሩ ነፋስ ነው፤ ፋኑ ወይም ፋኑን የሚከብበው ከለላ። ስትሮጥ የምትግል ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም የታችኛው ቱቦ ፖምፓው ሲስበው እየተጣበቀ ነው። ይህን ሳይለዩ ውድ ራዲያተር ገዝተው ያው የሚፈላባቸው ሰዎች አሉ።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁት። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 15 ፒኤስአይ ግፊት የሚይዝ ክዳን ሲዘጋበት የሚፈላው 121 አካባቢ ነው። ጎማው ያረጀ ክዳን ይህን ሁሉ ልዩነት ያሳጣችኋል። በጥቂት ዶላር የሚገዛ ነገር!

ፖንቲያክ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከውሃ ፖምፓው ጀርባ አንድ ስስ የብረት ሳህን አለ። የፖምፓው ክንፍ ለሳህኑ መቅረብ አለበት፣ ሳይነካው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ክንፉ ውሃውን እዚያው ያማስለዋል እንጂ አይገፋውም። ሳህኑን አውጥቶ ቀስ እያሉ በመዶሻ ወደ ክንፉ ማቅረብ የፖንቲያክ ሰዎች የሚያውቁት ሥራ ነው። ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ። አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገባ ሞተሩ ይበርዳል። ራዲያተሩን በአሉሚኒየም የቀየርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ፋኑን ግን ኤሌክትሪክ አላደረግሁትም። የዚያ ዘመን ዲናሞ 40 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፋን ብቻውን 30 ይወስዳል። መብራትና መጥረጊያ ምን ይብሉ?

የመጨረሻው ካምቢዮ ነው። የእኔዋ አውቶማቲክ ናት፣ ማርሹም ሁለት ብቻ! የመጀመሪያው 1.76፣ ማለትም ዘንጉ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 1.76 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለተኛው ቀጥታ አንድ። እሱን አውጥቼ በ1980ዎቹ ቡይክ ግራንድ ናሽናል ላይ ይገጠም የነበረውን 200-4አር የሚባል ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ አስገባሁ። ለምን እሱን? ፊቱ የሸቭሮሌትንም የፖንቲያክንም ሞተር እንዲቀበል ሆኖ የተበሳ ስለሆነ። 700አር4 የሚባለው ሌላው ካምቢዮ ግን የሸቭሮሌት ብቻ ነው፣ ማገናኛ ብረት ይፈልጋል። የ200-4አሩ የመጀመሪያ ማርሽ 2.74፣ አራተኛው 0.67 ነው። ዲፈረንሻሌ 3.55 ነው። በ65 ማይል ድሮ ሞተሩ ወደ 3,000 ዙር ይዞር ነበር፣ አሁን 2,000 አካባቢ። ስትነሳ ደግሞ የመጀመሪያው ማርሽ ከድሮው አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይገፋታል። ሞተሩ ውስጥ አንዲት ብሎን ሳትነካ ማለት ነው።

ይህን ካምቢዮ የምታስገቡ፣ ከካርቡራተሩ የሚመጣውን ኬብል አደራ። የውስጥ ግፊቱን የሚያዘው እሱ ነው። ላልቶ ከተነዳ ካምቢዮው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ግፊቱን በጌጅ ሳታዩ ከጋራዥ አትውጡ። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግም ርዝመቱና ሚዛኑ ይታይ።

«ኦሪጅናልነቷን አጠፋህ» የሚሉኝ አሉ። አከብራቸዋለሁ። ፋብሪካ እንደለቀቃት ሆና የቆየች መኪና ቅርስ ናት፣ እንዳለች ትጠበቅ። የእኔዋን ግን እነዳታለሁ፤ ልጄም ከጎኔ ትቀመጣለች። ያወጣሁት ሁሉ፣ ታምቡሩም፣ ያ አንድ ዓይና ሲሊንደርም፣ ካምቢዮውም፣ ስሙ ተጽፎበት ምድር ቤት ተቀምጧል። ነገ የሚፈልግ በመፍቻ ብቻ ይመልሰዋል።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ መሪዋ እናወራለን፣ እሱ ብዙ ሥራ ይቀረዋል። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ፣ በተለይ ስለዚያ ኬብል። ደህና ሰንብቱ።