ያጉረመረመ ውሻ አይመታም

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ መስከረም 18 ነው። የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት የሠራው ሉዊ ፓስተር በ1895 እ.ኤ.አ. ያረፈበት ዕለት በመሆኑ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ውሾቻችሁን ይዛችሁ ወረፋ ስለቆማችሁ በክትባቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ዛሬ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ዱላው ነው። «ውሻችን ከሰው ጋር ፍቅር ነው፤ ትንሽ ውሻ ሲያይ ግን አንዳንዴ ይነሳበታል» ትላላችሁ። ምን አደረጋችሁ ስትባሉ መልሱ ከግቢ ግቢ አይለይም፤ «ገረፍነው» ነው።

እስቲ መቻል የሚባል የ7 ዓመት ውሻ እናስብ። ልጆች ጆሮውን ቢጎትቱት ዝም ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላል። ግቢው ውስጥ የ2 ወር ወንድ ቡችላ ገባ። ቡችላው ጀርባው ላይ ይወጣል፣ ጆሮውን ያኝካል፣ አጥንቱን ከአፉ ሥር ይወስዳል። መቻል ሁሉንም ቻለ። «ወደደው» ተባለ።

ቡችላው 6 ወር ሞላው። አንድ ምሽት የእራት ትርፍራፊ ከነአጥንቱ በአንድ ሳህን በር ላይ ቀረበ። ቡችላው ሮጦ መጥቶ አፍንጫውን ሳህኑ ውስጥ ከተተ። መቻል ማኘኩን አቆመ። አንገቱ ደረቀ። ራሱን ከሳህኑ ሳያነሳ ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን መለሰ፤ የዓይኑ ነጭ ታየ። የላይኛው ከንፈሩ ተሸብሽቦ ጥርሱ ብቅ አለ። አጉረመረመ። ቡችላው ከቁብም አልቆጠረው፤ ገፋ። ያኔ መቻል ጮኾ ተወረወረበት፤ ቡችላው እያለቀሰ በጀርባው ተንጋለለ። መቻልም ወዲያው ተመልሶ መብላቱን ቀጠለ። ደም የለም፤ ጥርስ አልገባም። ሁሉም ነገር 3 ሰከንድ አልፈጀም። ዱላው የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ምን ተፈጠረ? ትልቅ ውሻ ቡችላን እስከ 4 እና 5 ወሩ ድረስ ብዙ ነገር ያልፍለታል። ከዚያ በኋላ ቡችላው ይጎረምሳል፤ በወንዱ ሰውነት የወንዴ ሆርሞን መጨመር ይጀምራል፣ ጠረኑም ይለወጣል። ትልቁም ሥርዓት ይጠይቀዋል። መቻል 4 ጊዜ አስጠነቀቀ፦ በአንገቱ፣ በዓይኑ፣ በከንፈሩ፣ በድምፁ። ሰሚ ሲያጣ ገሠጸው፤ ሳያቆስለውም ተወው። ጨዋ ውሻ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዱላው የተማረው ምንድን ነው? ቡችላ ሲጠጋኝ ጀርባዬ ይቀጠቀጣል የሚለውን ነው። ስለዚህ ቡችላውን ይበልጥ ይጠላዋል። ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይብሳል፤ ማጉረምረም ያስመታል ይላል። ንዴቱ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ድምፁን ያጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል። እኛም «ድንገት ነከሰ» እንላለን። ድንገት አይደለም! ማስጠንቀቂያውን በገዛ ዱላችን ያጠፋነው እኛ ነን። ስለ ቡችላው መናገር የሚችልበትን አንድ ቋንቋ ቀምተን፣ ዝም ብሎ ሲነክስ «ከሃዲ» ብለን ከግቢ እናባርረዋለን። ይህ ግፍ ነው!

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ቡችላው ላይ የጥርስ ቀዳዳ ካለ፣ ተንጋልሎም ካልተወው፣ ምግብ በሌለበት ከሩቅ አይቶት ካሳደደው፣ ጉዳዩ ከግሣጼ አልፏል። ጠባዩ የተለወጠው በቅርቡ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ዳሌው፣ ጥርሱ ወይም ጆሮው የሚያመው ውሻ ቡችላ ሲላፋው ይነክሳል። ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተለወጠ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ ዘግታችሁበት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ግቢ ውስጥ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሁለት ሳህን ይኑር፤ በመካከላቸው በር ይዘጋ፤ በር ከሌለ ቡችላው ራቅ ብሎ ታስሮ ይብላ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ባዶ ሳህኖቹ ይነሱ። አጥንት ለየብቻ ብቻ። ትልቁ የሚያርፍበት፣ ቡችላው የማይደርስበት ጥግ ይኑረው። ትልቁን በሰንሰለት አስሮ ቡችላውን መልቀቅ ግን ትልቁ ስሕተት ነው፤ የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ ጥርሱ ብቻ ነው።

ማስለመዱ ከግቢ ውጭ ይጀመር። ሁለት ሰው፣ ሁለት ገመድ፣ 10 ሜትር ተራርቆ በአንድ አቅጣጫ መሄድ። ትልቁ ቡችላውን አይቶ ፊቱን ሲመልስ የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ ይሰጠው። አፉን ከፍቶ ወይም መሬት እያሸተተ ከሄደ ርቀቱን በ2 ሜትር መቀነስ ነው፤ ከደረቀና አፉን ከገጠመ ወደ ኋላ መመለስ። ገመዱ ይላላ፤ የተወጠረ ገመድ ውሻውንም ይወጥረዋል። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። መጀመሪያ ሲሸታተቱ 3 ሰከንድ ቆጥራችሁ ሁለቱንም ጥሩ።

ከተያያዙ እጃችሁን መሐል አታስገቡ። አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋባቸው፤ ካልሆነ ጣውላ ወይም ወንበር በመካከላቸው ይግባ።

አሁን ወደ ክትባቱ። ቡችላ የያዛችሁ በግራ በኩል በግንቡ ጥግ ተሰለፉ፤ ትልልቆቹ በቀኝ፤ በመካከል 10 እርምጃ ይተው። ገመዳችሁን አላሉት። ያጉረመረመ ካለ ማንም አይምታው፤ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ መርፌውን እዚያው ድረስ እናመጣለታለን።