ካጌራን መሻገር ተገቢ ነበር

የተከበሩ የመድረኩ መሪ፣ ውድ ተከራካሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የቀረበልን ጥያቄ «ታንዛኒያ የኡጋንዳውን ገዥ ኢዲ አሚንን ለመጣል ያካሄደችው ጦርነት ተገቢ ነበር ወይ?» የሚል ነው። የቆምኩት ተገቢ ነበር ለማለት ነው። ካራማራን ካነሳሁ በኋላ ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ካራማራን ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልግም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጂጂጋ ነጻ ከወጣች በኋላ ጦራችን ድንበሩ ላይ ቆመ። ሐርጌሳ አልገባም፤ ዚያድ ባሬም ሞቃዲሾ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ስምንት ወር ሳይሞላ ያው ጥያቄ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ፊት ቀረበ። የተወረረ አገር ወራሪውን ከመሬቱ ካስወጣ በኋላ የት ላይ ነው የሚቆመው?

በጥቅምት 1978 መጨረሻ የአሚን ጦር ከካጌራ ወንዝ በስተሰሜን ያለውን የታንዛኒያ መሬት ያዘ። ኅዳር 1 ቀን አሚን 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ያንን መሬት ወደ ኡጋንዳ ቀላቅያለሁ ብሎ አወጀ። ሰው ተገደለ፣ ከብት ተነዳ፣ የስኳር ፋብሪካው ተዘረፈ። በማግስቱ ኔሬሬ ለሕዝባቸው እንዲህ አሉ፤ «እሱን የምንመታበት አቅም አለን፤ የምንመታበት ምክንያት አለን፤ የምንመታበትም ፈቃድ አለን።»

አቅሙ ግን ከንግግሩ ቀድሞ የተዘጋጀ አልነበረም። ኅዳር 3 ቀን ኡጋንዳውያኑ በካጌራ ወንዝ ላይ ያለውን የኪያካን ድልድይ አፈረሱት። አስቀድመው በአውሮፕላን ቢደበድቡት አልወድቅ ብሏቸው ነበር፤ በመጨረሻ ፈንጂ ከነዓምዱ አስረው ጣሉት። የታንዛኒያ ከባድ መሣሪያ ወንዙ ዳር ቀረ። መሐንዲሶቹ በዚያው ወር የዘረጉት ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ፣ ቤይሊ የምንለው ነው። የዚህ ድልድይ አንዱ ክፍል 3 ሜትር ያህል ርዝመትና 260 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት አለው፤ ስድስት ሰው ተሸክሞት ይሄዳል፣ ክሬን አይፈልግም። ክፍሎቹ በብረት ካስማ ይጋጠማሉ። ከዚያ ሙሉው አካል ዳር ላይ በተተከለ መንከባለያ እየተገፋ ወደ ባዶው አየር ይወጣል። ፊቱ ላይ ቀለል ያለ አፍንጫ ይቀጠልለታል፤ ኋላው ከፊቱ መክበድ አለበት። ሚዛኑን የሳተ እንደሆነ አፍንጫው ማዶ ሳይደርስ ድልድዩ በሙሉ ወንዝ ይገባል። መንከባለያው ያረፈበት አፈር በዝናብ የራሰ እንደሆነም አንዱ ጎን ይሰምጥና ብረቱ ይጣመማል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ጠላት ወዲያ ማዶ እያለ ነው። ከዳሬሰላም እስከዚያ ወንዝ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ጦሩን ለማጓጓዝ የሲቪሉ ካሚዮንና አውቶቡስ ከሥራው ተነሥቷል።

ይህንን ያህል የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተቃራኒው ወገን «ካጌራን ካስለቀቁ በኋላ ድንበሩ ላይ መቆም ነበረባቸው» ይለናል። መቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስላልን! በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ክተት ሠራዊት በዚያ ድልድይ በኩል ስንቅና ነዳጅ እየተቀበለ፣ አሚን መቼ እንደሚመለስ እየጠበቀ፣ ለስንት ዓመት? ስምምነትም ተሞክሮ ነበር። በመስከረም 1972 አሚን የገለበጣቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት የኦቦቴ ደጋፊ ስደተኞች ከታንዛኒያ ተነስተው ወደ ኡጋንዳ ገቡና ተሸነፉ፤ ያ የኔሬሬ ጥፋት ነበር፣ አልክድም። ከዚያ በሞቃዲሾ ስምምነት ሁለቱም ወገኖች ጦራቸውን ከድንበሩ 10 ኪሎ ሜትር ሊያርቁ ተፈራረሙ። ያ ወረቀት በ1978 ኪያካን አላዳናትም።

እዚህ ላይ የምናገረውን ይህች ከተማ ትስማው። ግንቦት 25 ቀን 1963 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሦስተኛው አንቀጹ ንዑስ ቁጥር 2 በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አትግቡ ይላል። ንዑስ ቁጥር 3 ደግሞ የእያንዳንዱን አገር ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት አክብሩ ይላል። አሚን ቁጥር 3ን በጠራራ ፀሐይ ሲረግጥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አላወገዘውም፤ ሁለታችሁም ተረጋጉ ብሎ ሽማግሌ ላከ። የኡጋንዳው ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም በየካቲት 1977 ሲገደሉም ዝም ብሎ ነበር። አሚን በወደቀ በሦስተኛው ወር፣ በሐምሌ 1979 ሞንሮቪያ ላይ መሪዎቹ ሲሰበሰቡ ግን የሱዳኑ ኒሜሪና የናይጄሪያው ኦባሳንጆ ቁጥር 2 ተጣሰ ብለው በኔሬሬ ላይ ተነሱ! ሰፈሩ ሲቃጠል ያልጮኸ፣ እሳቱን ያጠፋውን ሰው አጥሬን ዘለልክ ብሎ ከሰሰው። ዓለም አቀፉ የሕግ ባለሙያዎች ኮሚሽን አሚን ያስገደላቸውን ከ80,000 አያንሱም፣ ወደ 300,000 ሳይጠጉም አይቀርም ብሎ ገምቷል። እነዚህስ የማን የውስጥ ጉዳይ ነበሩ?

የጦርነቱን ጥፋት ግን እኛው ራሳችን እንናገር፣ ለተቃራኒው ወገን አንተወውም። የኡጋንዳ የድንበር ከተማ ሙቱኩላ በጥር 1979 ከተያዘች በኋላ በቡልዶዘር ተደመሰሰች፤ ሸሽተው ያላመለጡ ሽማግሌዎች ተገደሉ። የኡጋንዳ ከተሞች ማሳካና ምባራራም ስለ ካጌራ በቀል ወደሙ። ይህ ወንጀል ነው፤ የጦርነቱ ተገቢነት አያጥበውም። ለማግስቱ የተደረገውም ዝግጅት እጅግ ቀጭን ነበር። የኡጋንዳ ስደተኛ ቡድኖች ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ላይ የተሰበሰቡት ከመጋቢት 24 እስከ 26 ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ካምፓላ ከ16 ቀን በኋላ ሚያዝያ 11 ተያዘች። በአሚን ቦታ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሉሌ በሥልጣን ላይ የቆዩት 68 ቀን ነው። ቢናይሳ ተተኩ፣ እሳቸውም ወረዱ፤ በታኅሣሥ 1980 ኦቦቴ በአወዛጋቢ ምርጫ ተመለሱ፣ ሉዌሮ የተባለችው የኡጋንዳ አካባቢም ሌላ የደም ምድር ሆነች። በጦርነቱ የታንዛኒያ ካዝና ተራቆተ፤ ወጪውንም በአብዛኛው ብቻዋን ተሸከመችው።

ሕጉ በኋላ ተሻሽሏል። በ2000 ሎሜ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድ በአራተኛው አንቀጹ፣ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። በታኅሣሥ 2015 የኅብረቱ የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት 5,000 ወታደር ወደ ቡሩንዲ እንዲላክ ወሰነ፤ በቀጣዩ ወር መሪዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሳያጸድቁት ቀሩ።

አሁን መድረኩን ለተቃራኒው ወገን እለቃለሁ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ሦስተኛውን አንቀጽ ሲያነቡልን ቁጥር 2 ላይ እንዳያቆሙ። ቁጥር 3ንም ያንብቡልን።

አመሰግናለሁ።