ስዊቹ ሳይጨናነቅ ፓኬት የሚጥለው ለምንድን ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከአዳማ፦ የፋይል ሰርቨራችን ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ የተሰካው በ10 ጊጋቢት ነው፤ የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተሮች በ1 ጊጋቢት። የክትትል ሰሌዳው የፖርቶቹ አጠቃቀም ከ30 በመቶ እንደማይበልጥ ያሳያል፤ የድሮፑ፣ ማለትም የተጣሉት ፓኬቶች (የዳታ ቁራጮች)፣ ቁጥር ግን በየቀኑ ይጨምራል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። 30 በመቶው የ5 ደቂቃ አማካይ ነው። ከ300 ሰከንድ ውስጥ ፖርቱ 90ውን ጢም ብሎ ሞልቶ ቀሪውን 210 ባዶ ቢውል ሰሌዳው የሚያሳይዎት ያንኑ 30 በመቶ ነው። ድሮፑ ግን የሚደርሰው በሞላበት ቅጽበት ነው፤ ያ ቅጽበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ አይበልጥም።

ስሌቱን እንየው። በ10 ጊጋቢት መስመር በአንድ ሚሊሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ይገባል። በ1 ጊጋቢቱ ፖርት የሚወጣው 125 ኪሎባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ ማለትም 1.125 ሜጋባይት፣ ባፈር በሚባለው የስዊቹ ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ይጠራቀማል። በዚያ ፖርት ለመውጣት ለሚጠብቀው ወረፋ የተፈቀደው 500 ኪሎባይት ከሆነ ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ይጣላል። በባልዲ ሙሉ ውሃ አፈ ጠባብ ጀሪካን ላይ እንደ መገልበጥ ነው፤ ጀሪካኑ ውስጡ ባዶ ሆኖም ውሃው መሬት ይፈሳል።

ጉዳቱን ቀላል አድርገው አይዩት። የአጭር ዝውውር የመጨረሻዋ ፓኬት ከተጣለች ላኪው እንደገና ለመላክ ይጠብቃል፤ ሊኑክስ ላይ ይህ ጥበቃ ቢያንስ ወደ 200 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ይህ ሲደጋገም ነው ሠራተኛው «ሲስተም የለም» የሚለው።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ታዲያ የባፈሩን አጠቃቀም ለማየት ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ስህተትንና ድሮፕን ከመለየት። ስዊቹን «ሾው ኢንተርፌስ» ብለው ሲያዙት የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽተው የደረሱ ፓኬቶች ቁጥር) ከጨመረ ባፈሩን ይተዉት፤ ኬብሉን፣ የፋይበሩን ጫፍና ኤስኤፍፒውን (ኬብሉ የሚሰካበትን ተነቃይ ሞጁል) ይፈትሹ። ሲአርሲው ባለበት ቆሞ «ቶታል አውትፑት ድሮፕስ» የሚለው ከጨመረ ግን ጉዳዩ የባፈር ነው። ጠቅላላ ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይነግርዎትም፤ ስዊቹ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በየ10 ሰከንዱ እያነበቡ ልዩነቱን ከነሰዓቱ ይመዝግቡ። ድሮፑ ሁልጊዜ ባክአፕ በሚጀምርበት ሰዓት ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

ቀጥሎ ከፖርቱ ወረፋዎች ስንተኛው እንደሚጥል ይወቁ። የሲስኮ ስዊች በሆነው ካታሊስት 9300 ላይ «ሾው ፕላትፎርም ሃርድዌር ፌድ ስዊች አክቲቭ ኪውኦኤስ ኪው ስታትስ ኢንተርፌስ» ብለው የፖርቱን ቁጥር ሲጨምሩ የየወረፋው ድሮፕ ተለይቶ ይወጣል። የአሪስታ ኩባንያ ስዊቾች ላይ ላንዝ የሚባለውን የወረፋ መከታተያ በ«ኪው ሞኒተር ሌንግዝ» ያብሩት፤ ወረፋው ካስቀመጡት ገደብ ባለፈ ቁጥር ከነሰዓቱ ይመዘግባል። የሲስኮው ኔክሰስ 3548 ደግሞ የባፈሩን ሙላት በሃርድዌር እየለካ በሂስቶግራም (የትኛው ደረጃ ላይ ስንት ጊዜ እንደደረሰ በሚያሳይ ሠንጠረዥ) ያስቀምጣል። የሚፈልጉት ከፍተኛውን ደረጃ እንጂ አማካዩን አይደለም። በአንዳንድ ስዊቾች ከፍተኛው ደረጃ በተነበበ ቁጥር ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ሁለት የክትትል ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዳያነቡት ይጠንቀቁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ ድሮፑ የተቆጠረበት ፖርት ተጎጂው ነው፣ አጥፊው ሌላ ነው። አጥፊውን ለመያዝ ትራፊኩን ከሰርቨሩ ፖርት፣ በሚገባበት በኩል፣ ሚረር ያድርጉ፤ ማለትም ቅጂው ወደ ሌላ ፖርት እንዲላክ ያድርጉ። መቀበያው ፖርትም 10 ጊጋቢት ይሁን፤ በ1 ጊጋቢት ከተቀበሉ የሚፈልጉት ራሱ እዚያም ይጣላል።

አድማጭ ከዱባይ፦ የስዊቹ መግለጫ ባፈሩ 12 ሜጋባይት ነው ይላል። ወረፋው 6 ሜጋባይት ላይ ሲደርስ ይጥላል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። እንደ ብሮድኮም ትራይደንት 2 ያሉ ቺፖች 12 ሜጋባይቱን ለሁሉም ፖርቶች በጋራ ነው የሚሰጡት። አንድ ወረፋ ሁሉን እንዳይጠቀልለው አልፋ የሚባል መጠን አለ፦ ለወረፋው የሚፈቀደው አልፋ ሲባዛ አሁን ባለው ነፃ ቦታ ነው። አልፋ 1 ከሆነ አንድ ወረፋ ብቻውን ሲሞላ ግማሹ ላይ ይቆማል፤ 6 ሜጋባይት ያዩት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወረፋዎች አብረው ከተጨናነቁ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ፣ 4 ሜጋባይት ይደርሳል። አልፋውን 8 ቢያደርጉት አንዱ ወረፋ እስከ ስምንት ዘጠነኛ መያዝ ይችላል፤ ለሌሎቹ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ ካታሊስት ላይ ሶፍትማክስ መልቲፕላየሩን (አንድ ወረፋ ከጋራው ባፈር የሚወስደውን ጣሪያ የሚያሳድገውን ቁጥር) ከ100 ወደ 1200 ባሳድገው ይገላግለኛል?

መልስ፦ ለአጭር ግፊት አዎ፣ ብዙ ጊዜ ድሮፑን በጉልህ ይቀንሰዋል፤ መሞከርም ተገቢ ነው። ፖርቱ ለደቂቃዎች ያለማቋረጥ ሞልቶ የሚቆይ ከሆነ ግን ምንም ያህል ባፈር ቢሰጡት ይሞላል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ሊንክ ወይም የባክአፑን ፍጥነት መገደብ ነው። ወረፋው በረዘመ ቁጥር መዘግየትም አለ፦ በ1 ጊጋቢት ፖርት ላይ 10 ሜጋባይት የተጠራቀመ ወረፋ 80 ሚሊሰከንድ ያቆያል። ስለዚህ ባፈሩን ከማሳደግዎ በፊት የስልክ ድምፁን ወደ ራሱ ቅድሚያ ወረፋ ያውጡት።