ሲስተር ይራመዳሉ፣ ስልኩ ይቀራል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሥራ ላይ የገጠመኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ ነው። ወሬው ስለ ዋይፋይ ነው። ሙያችሁ ኔትወርክ ባይሆንም ስልክ ይዛችሁ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይመለከታችኋል።

ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይቅር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ደረጃው ወፍራም ኮንክሪት። ነርሶቹ ተረኛ ሐኪም የሚጠሩት በዋይፋይ በሚሠራ የውስጥ ስልክ ነው። ቅሬታው ከሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ እያወሩ ይቆረጣል።

ሄድኩ። ላፕቶፔን ይዤ ነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሲግናሉ ሙሉ ነው። ኮሪደሩ መሀል ቆሜ ለካሁ፣ እዚያም ሙሉ ነው። «ኔትወርኩ ደህና ነው» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ለማንኛውም ብዬ የሁሉንም አክሰስ ፖይንት ፓወር እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩና ወጣሁ። አክሰስ ፖይንት ማለት ኮርኒስ ላይ የሚለጠፈው፣ ነጭ ሳህን የሚመስለው ነገር ነው።

በሳምንቱ ተደወለልኝ። ብሶበታል።

ስመለስ የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ሲስተር ተቀበሉኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። «ሲስተር፣ እዚህ ስለካው እኮ ደህና ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ነው የለካኸው። እኔ መቼ ቁጭ አልኩና?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ያን ዕለት ማታ ከእሳቸው ጋር አደርኩ። ሲሄዱ ሄድኩ። ከታካሚ ክፍል ወደ መድኃኒት ማስቀመጫው፣ ከዚያ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ታችኛው ፎቅ። የእሳቸውን ዓይነት ስልክ ይዤ፣ ስልኩ በየትኛው ሰዓት የትኛውን አክሰስ ፖይንት እንደያዘ የሚያሳይ አፕ ከፍቼ ነበር። ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ሲስተር ኮሪደሩ ጫፍ ደርሰው አንዱ አክሰስ ፖይንት አናታቸው ላይ እያለ፣ ስልኩ መግቢያው በር አጠገብ ካለው ጋር ሙጭጭ ብሏል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሙያ ጓደኞቼም ጭምር የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። በሞባይል ኔትወርክ እያወራን ስንሄድ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው የሚያሻግረን ኔትወርኩ ነው። ዋይፋይ ላይ ግን ወሳኙ ስልኩ ራሱ ነው። መቼ እንደሚለቅ፣ ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚመርጠው እሱ ነው። አፕል ለምሳሌ የራሱን ቁጥር በግልጽ አውጥቷል። አይፎን ሌላ መፈለግ የሚጀምረው የያዘው ሲግናል ከ −70 ዲቢኤም በታች ሲወርድ ነው። ዲቢኤም የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች እየራቀ በሄደ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል። ፈልጎ ሲያገኝም፣ ዳታ እየላከ ወይም እየተቀበለ ከሆነ አዲሱ ቢያንስ በ8 ዲቢ እንዲበልጥለት ይፈልጋል፤ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ደግሞ በ12። ሌሎቹ ስልኮችም የየራሳቸው ልክ አላቸው።

አሁን የእኛን ኮሪደር አስቡት። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይጋርደው። አክሰስ ፖይንቶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። እኔ ደግሞ ፓወሩን እስከ ጣራው ሰቅዬዋለሁ። ስልኩ ከዚያኛው ጫፍ ሆኖ የመጀመሪያውን በ −62 ይሰማዋል። ታዲያ ለምን ይልቀቀው? ከዚያ ሲስተር ወደ ደረጃው ይታጠፋሉ። ኮንክሪቱ ይጋርዳል፣ ሲግናሉ ባንዴ ወደ −85 ይወርዳል። ስልኩ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ የለውም። ጥሪው እዚያው ይሞታል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ማይክ የያዘውን ሰው ጥግ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ጥግ ያለው ሰው በባዶ ድምፁ ሲመልስ ግን ማይክ የያዘው አይሰማውም። ስልክ ባትሪውን መቆጠብ ስላለበት ድምፁ ትንሽ ነው። የአክሰስ ፖይንቱን ፓወር ስጨምር ማይክ ነው የሰጠሁት፤ የስልኩን ድምፅ አልጨመርኩም። ሲስተር ሐኪሙን ይሰሙታል፣ ሐኪሙ ግን «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

ስለዚህ ማስተካከል የጀመርኩት ከመቀነስ ነው። ፓወሩን ስልኩ ራሱ ወደሚያወጣው ልክ አወረድኩት። ከ12 ሜጋቢት በታች ያሉትን ዝቅተኛ ፍጥነቶች ዘጋሁ፤ እነሱ ክፍት ሲሆኑ ስልኩ በጣም ርቆም እየተንጠባጠበ ይቆያል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች ውስጥ ስልኮቹን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወርኩ፤ በ2.4 ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ ለእንዲህ ያለ ሕንፃ አይበቁም። አራቱን አክሰስ ፖይንቶች ደግሞ ከኮሪደር አውጥቼ ክፍሎች ውስጥ አስገባሁ። ይሄኛው ኬብል መሳብ፣ ኮርኒስ መክፈት፣ ታካሚ ያለበትን ክፍል ማስፈቀድ ነበረበት። አድካሚ ነው፣ ግን ትልቁን ለውጥ ያየሁት በእሱ ነው። ግድግዳው እስከዚያ ጠላቴ ነበር። አሁን አንዱን ከሌላው ይለይልኛል፣ ስልኩም በጊዜ ይለቃል።

ከዚያ የፍተሻው ጉዳይ አለ። ስልኮቹ የሚገቡት 802.1ኤክስ በሚባለው ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ መለያ አለው፣ ሰርቨር ያረጋግጠዋል። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን አክሰስ ፖይንት በተቀየረ ቁጥር ማረጋገጡ ከሀ ከጀመረ፣ በየበሩ እንደ አዲስ እንደመፈተሽ ነው። ያ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይበላል፣ ወሬ ይቆርጣል። 802.11አር የሚባለው ደንብ፣ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው፣ አንዴ የተፈተሸውን ቀጣዩ በር እንዲያውቀው ያደርጋል፤ መሻገሩ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል። 802.11ኬ የሚባለው ወንድሙ ለስልኩ የጎረቤት አክሰስ ፖይንቶችን ዝርዝር ይሰጠዋል። 802.11ቪ ደግሞ «ወደዚያኛው ብትሄድ ይሻልሃል» ይለዋል፤ መስማት አለመስማቱ ግን የስልኩ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሁለተኛው ሌሊት ስልኩ ሻይ ክፍሉ ጋ ሲደርስ አይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ተቀየረ። ገብቼ ሳይ ፍሪጁ ላይ ትንሽ የቤት ራውተር ተቀምጧል። ስሙም ፓስወርዱም ነርሶቹ ለታብሌቶች ከሚጠቀሙበት ዋይፋይ ጋር አንድ ነው፤ ስልኩም ያን ዋይፋይ ስለሚያውቀው ዘው ብሎ ይገባል። ነርሶቹ ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙት ነው። «እዚያ ስለማይሠራ ነው፣ ስንት ጊዜ ተናገርን» አሉኝ ሲስተር። አልተቆጣሁም። ሲናገሩ ያልሰማናቸው እኛ ነን። ራውተሩን ከመንቀሌ በፊት ለሻይ ክፍሉ አክሰስ ፖይንት ሰቀልኩላቸው።

አሁን እያንዳንዱን ለውጥ ለብቻው ነው የማደርገው፣ ከዚያ እያወራሁ እሄዳለሁ። ደረጃ ወጥቼ፣ ሊፍት ገብቼ፣ በር ዘግቼ።

የመጨረሻው ሌሊት ላይ ሲስተር ስለ አንድ ሕፃን ትኩሳት ለሐኪሙ እየነገሩ ወደ ደረጃው ታጠፉ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ስልኩ ሁለቴ ተሻገረ። እሳቸው ቁጥሩን መናገራቸውን አላቆሙም፤ «39.2፣ አዎ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት» እያሉ ወረዱ።

ላቦራቶሪው ውስጥ 802.11አር ሲበራ ጭራሽ የማይገናኝ አሮጌ ታብሌት አለ። ለጊዜው አር ያልበራበት ሌላ የዋይፋይ ስም ከፍቼለታለሁ። ሐሙስ ማታ እሱን ይዤ ከላቦራቶሪው ልጆች ጋር እዞራለሁ። ቻው፣ ደህና ሁኑ።