ዘንድሮ የምንጨርሰው ጨዋታ
ለድሮ የቤት ኮምፒውተሮች ጨዋታ የምንጽፍበት ማኅበራችን በኮምቦልቻ ባካሄደው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶችና ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አባቶቻችን እንደ ወሎ ወግ መርቀው ጉባኤውን ከፍተውልናል። በማለዳው ጉም የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁ አባላት ጋቢያችሁን ከጭናችሁ ላይ አኑራችሁ መቀመጣችሁን አያለሁ፤ ኮምቦልቻ ሞቅ አድርጋ ተቀብላችኋለች።

እንግዶቻችን በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ትንሽ ጥቁር ዕቃ እያነሳችሁ ስትጠይቁ ሰምቻለሁና ከእሱ ልጀምር። ዜድኤክስ ስፔክትረም ይባላል። በእንግሊዝ አገር ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች ሚያዝያ 1982 ለገበያ ያቀረበው የቤት ኮምፒውተር ነው። ቁልፎቹ የጎማ ናቸው። የራሱ ስክሪን ስለሌለው ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ፕሮግራሙንም የሚያነበው ከካሴት ነው። የእኛው ማሽን ሜሞሪ 48 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ቦታ ትወስዳለች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኮሞዶር 64 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በጃፓን ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በአንድ ደንብ የሚሠሩት ኤምኤስኤክስ የተባለው ኮምፒውተር ይፋ ሆነ።

ይህች ማሽን ከውጭ አገር በሻንጣ ስትመጣ ከጎማው ቁልፎች ሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ በዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቆ ግማሹ ቁልፍ አይሠራም ነበር። የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ የሆኑት አባላችን ጋሼ ናቸው ነፍስ የዘሩባት። ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን አንዱ ወጣታችን ከገበያ የተገዛ ባለ 9 ቮልት ቻርጀር ሊሰካባት ሲል እጁን ስለያዙት ነው። የስፔክትረም መሰኪያ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው አብዛኛው ቻርጀር ደግሞ ተቃራኒ ነው። ያን ቀን ያ እጅ ባይያዝ ኖሮ ዛሬ የምናሳያችሁ ማሽን አይኖረንም ነበር።

እነዚህ ማሽኖች በዘመናቸው በየቤታችን አልገቡም። ብዙዎቻችን ያወቅናቸው ዘግይተን፣ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ እነሱን በሚያስመስል ፕሮግራም አማካይነት ነው። ታዲያ ለምን በእነሱ ላይ እንደክማለን? መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያውቃቸው ይችላል። የዛሬውን ስልክ ከውስጥ እስከ ውጭ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ የሠሩትም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ቁራጩን ነው። የስፔክትረም ስክሪን ግን 6912 ባይት፣ ማለትም 6912 ትንንሽ የሜሞሪ ክፍሎች መሆኑን፣ ከዚያም 6144ቱ ነጥቦቹን፣ 768ቱ ቀለማቱን እንደሚይዙ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ቅዳሜ ይማረዋል። ተምሮም እንደ ልቡ ያዝዘዋል። በውስጡ ያለው ዜድ80 ፕሮሰሰር፣ የማሽኑ አንጎል፣ በፈረንጆች በ1976 ወጥቶ፣ ፋብሪካው ለብቻው የሚሸጠውን ዓይነት ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2024 ነው። ለአርባ ስምንት ዓመት ያገለገለ ዕቃ ሊማሩበት የሚገባ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሌላው ዓለም ይህን ፍቅር ሕያው ያደረገው ውድድር ነው። ኤምኤስኤክስዴቭ የተባለው ውድድር በፈረንጆች ከ2003 ጀምሮ ለኤምኤስኤክስ አዲስ ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎችን ሲያሰባስብ ኖሯል። በስፔን የአሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 2013 አምስትራድ ሲፒሲ ለተባለው ሌላ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውድድር ጀመረ፤ ተማሪዎችም ይወዳደሩበታል። እዚህ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ባሉበት ከተማ ይህን ስናገር ዓይኔ ወደ ኋለኛው መደዳ ይሄዳል። ለጀማሪ ግን ከሁሉም የምወደው በፈረንጆች 2011 የተጀመረው የአሥር መስመር ውድድር ነው። ጨዋታው በሙሉ ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በአሥር መስመር ብቻ መጻፍ አለበት። በአንደኛው ምድብ አንድ መስመር ከ80 ፊደል አይበልጥም። አስቡት፤ 800 ፊደል! በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይይዛልና አንድ ሙሉ ጨዋታ በአምስት መልእክት ያልቃል ማለት ነው።

የዚህን ትንሽነት ዋጋ እኛ ከሌላው የበለጠ እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ከተሞቻችን ባለፉበት መከራ ብዙዎቻችን ላፕቶፕና ዲስክ አጥተናል። የወራት ሥራ በአንድ ቀን ጠፍቷል። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንዲት አባላችን በደብተር በእጇ ገልብጣ ያስቀመጠችው የአሥር መስመር ጨዋታ ነበር። ሰላም ሲሆን ተሰብስበን መልሰን ጻፍነው፤ በመጀመሪያው ሙከራም ሠራ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ያን ዕለት የተሰማንን ታስታውሳላችሁ።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ አንድ ፊደል የሚሣለው ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ነጥብ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ነጥብ አንድ ባይት ስለሚሞላ አንድ ፊደል 8 ባይት ይወስዳል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በ8 ሲባዙ 1848 ባይት። ኤምኤስኤክስ በአንደኛው ቀላል ስክሪኑ 256 ምልክቶችን ይይዛል። ፊደላቱ ሲገቡ 25 ቦታ ይቀራል። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት የግዕዝ አኃዞች ሃያ ናቸው፤ እነሱም ሲገቡ አምስት ይቀራል። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሠረዝ፣ ድርብ ሠረዝ፣ ሁለት ነጥብ ከሠረዝ ጋር፤ አምስት! ሳጥኑ ልክ ሞላ። ይህን ስሌት በደረስኩበት ሌሊት ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ላይ ግን ችግሩ ታየኝ። ፊደሉ ሁሉንም ቦታ ከያዘ ተጫዋቹ በምን ይሣላል? ግድግዳው፣ በሩ፣ ባዶው ቦታ ራሱ የት ይግባ? በዚህ ጉዳይ ባለፈው ክረምት ረጅም ክርክር አደረግን። ገሚሶቻችሁ "ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ ስለሆነ ይውጡ፤ 35 ቦታ እናተርፋለን" አላችሁ። ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህራችን ደግሞ "ንጉሥ ያለ ንጉሡ ሠ አይጻፍም" ብለው እንቢ አሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ቦታ ጠበበን ብለን ፊደል ከምናባርር፣ ጨዋታው የሚናገራቸውን ቃላት አስቀድመን ቆጥረን የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ ብንጭን ይበጃል። አንድ ትንሽ ጨዋታ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ለዚያ ጥቂት ንግግር ሁሉም 231 ፊደላት አያስፈልጉም። በስፔክትረምም መንገድ አለ። ማሽኑ 96 የላቲን ምልክቶቹን የሚያነብበትን ቦታ የሚጠቁመው ቁጥር በሜሞሪ አድራሻ 23606 ላይ ይገኛል። ያን ቁጥር ወደ ራሳችን ሠንጠረዥ ካዞርነው ማሽኑ አማርኛ ይጽፋል። ሦስት ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ እየቀያየሩ መጠቀም ለሙሉው ፊደል ይበቃል።

ሥዕሉን የሠራችልን የአንደኛ ደረጃ መምህርት የሆነችው እህታችን ናት፤ ባለ ካሬ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጠ ሦስት እግር አለው፤ ሦስት እግርና በመካከላቸው ሁለት ክፍተት አምስት ነጥብ ይወስዳል። ከሚቀጥለው ፊደል የሚለየው ባዶ ነጥብ ሲጨመር ስድስት ሆነ። ለካዕቡ ቅጥያ ይተርፋል፤ ለራብዑ እግር ማሳጠር ብቻ ነው። ኃምሱ ግን ከእግሩ ሥር ቀለበት ይፈልጋል፤ ቀለበት ደግሞ በሁለት ነጥብ ቀለበት አይመስልም። ጬን አራት ጊዜ አጥፍታ ሣለችው። ደብተሩን ዛሬ ይዛ መጥታለችና በዕረፍት ሰዓት እንድታዩት እለምናችኋለሁ። ለእኔ ይህ ደብተር ማኅበራችን ካፈራቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስለ ድምፅም ጥቂት ልበል። አምባሰልንና ባቲን ያለ ወሎ ማሰብ አይቻልም፤ ጨዋታችን ከሌላ አገር የተቀዳ ዜማ ሲጮህ መስማት ያሳዝነኛል። የኤምኤስኤክስ የድምፅ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ያወጣል፤ የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት የምንነግረው በአንድ ቁጥር ነው። 254 ብንሰጠው 440 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ንዝረት ይሰጠናል። ቁጥሩን በግማሽ ስንቀንሰው ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ቅኝታችን አምስት ድምፅ፣ የእያንዳንዱም ቁጥር ሁለት ባይት ስለሆነ ለአንድ ቅኝት አሥር ባይት፣ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ በጠቅላላው አርባ ባይት ይበቃናል። ነገር ግን ቁጥሮቹን ከፒያኖ ሠንጠረዥ አትገልብጡ፤ የማሲንቆ ተጫዋች አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ በጆሮ አስተካክሉ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳዬ እመጣለሁ። አንጨርስም። ይህ የማኅበራችን ሕመም ነው፤ ዛሬ ካልተነጋገርንበት መቼም አንነጋገርበትም። ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ ሲራመድ ስናይ ደስታው ያሰክረናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስታ የለውም፤ ነጥብ መያዝ፣ ሕይወት ሲያልቅ ያለ እንከን ወደ መጀመሪያው መመለስ፣ የመግቢያ ገጽ፣ መመሪያ፣ ማንም አስቦት የማያውቀውን ቁልፍ ሕፃን ልጅ ሲጫን ማሽኑ እንዳይደርቅ ማድረግ። እዚያ ላይ ስንደርስ አዲስ ሐሳብ ይመጣልናል፤ አሮጌውን ጥለን ወደ እሱ እንሄዳለን። ቆርቆሮ ያልለበሰ ቤት እንደ መደርደር ነው፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም ይፈርሳል።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ የጭነት መኪና ጨዋታ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መንገዱን በሙሉ መሣል ለማሽኑ ሲከብደው መፍትሔ የሰጠኝ ራሱ ሐረጎ ነው፤ ጉሙ። ሾፌሩ ከፊቱ ጥቂት ረድፍ ብቻ ካየ ማሽኑም ጥቂት ረድፍ ብቻ ይሥላል፤ ለተጫዋቹ ደግሞ ልብ የሚያንጠለጥለው ያ ያልታየው መታጠፊያ ነው። ይህን ካገኘሁ በኋላም አልጨረስኩትም፤ ምክንያቱም አምጣ የሚለኝ ቀን አልነበረም። የውድድር ትልቁ ስጦታ ሽልማቱ አይደለም፤ ቀነ ገደቡ ነው።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ዛሬ ለውሳኔ የሚያቀርብላችሁ የራሳችንን ውድድር ነው። ጨዋታው ከ16 ኪሎባይት አይበልጥም፤ በስፔክትረም ወይም በኤምኤስኤክስ ይሠራል፤ የሚናገረው በፊደላችን ነው። የማስረከቢያው ቀን ግንቦት 30 ሲሆን አንድም ቀን አይራዘምም። ዳኞቹ እኛ አይደለንም፤ ማሽኑን አይተው የማያውቁ የሰፈር ልጆች ናቸው። ልጅ ለሥዕል ውበት አያዝንም፤ ካልጣመው ትቶ ይሄዳል። የእያንዳንዱ ጨዋታ ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ በሁለት ቦታ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጣል። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሐረጎን ጨዋታ በዚያ ቀን ካላስረከብኩ ጽሑፉን ለማኅበሩ ሰጥቼ ሌላ ሰው እንዲጨርሰው እለቃለሁ፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ሊከራከሩበት የሚገባው የመጠኑ ጉዳይ ነው። 16 ይጠብበናል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከሻይ በኋላ ሐሳባችሁን እንሰማለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ የተጠናቀቀ ሥራ እንይ። መምህርት እህታችን ገበታን ጨርሳለች፤ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ያለበትን ዓይነት። አርባ ስምንቱ ጠጠሮች በሙሉ በ12 ባይት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባይት አንድ ጉድጓድ ነው።

ጨዋታው ከካሴቱ ተነቦ እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል። ጩኸቱ አያስደንግጣችሁ፤ በስክሪኑ ዳር ዳር መጀመሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ሲሮጡ ካያችሁ ፕሮግራሙ እየገባ ነው። ልጆች፣ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የመጀመሪያው ተጫዋች ከእናንተ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ ቴሌቪዥኑን ይክፈቱልን።