ሰላሳ በመቶ

እሺ... ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ላወራ ነበር። አልሆነልኝም። የእህቴ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ስልኬን አየሁ። የዝናብ ዕድል 30 በመቶ ይላል። «ይዘንባል እንዴ?» አለችኝ። «አይዘንብም» አልኳት። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ከዚያ ወረደባት። ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ ከፀጉሯ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በሩ ላይ ቆመች። «የነገን የማያውቁ ሰዎች ናቸው የዛሬ ሃምሳ ዓመት ምድር ትሞቃለች የሚሉን?» አለች።

ዝም አልኩ። እኔ፣ ስለዚህ ነገር ስለፈልፍ የምውለው ሰው!

ትንበያው እኮ አይዘንብም አላለም። እንዲህ ካሉ አሥር ቀኖች በሦስቱ ይዘንባል ነው ያለው። ሰላሳውን ዜሮ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የጠፋው ግን የትንበያ ሰዎቹ ስም ነው።

ፊትዝሮይ ትዝ አለኝ፤ ዳርዊንን ይዞ ዓለምን የዞረው የመርከብ አዛዥ። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የምትባል መርከብ በማዕበል ተሰባብራ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲያ በቴሌግራፍ መረጃ እየሰበሰበ ወደቦችን ማስጠንቀቅ ያዘ። በ1861 ትንበያውን በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ትንቢት አይደለም ብሎ ነበር፤ ማን ሰምቶት! ሲስት ተሳለቁበት። በ1865 ራሱን አጠፋ። የጤናም የገንዘብም ችግር ነበረበት፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ነው አልልም... ግን ያሳዝነኛል። በጣም። ሰው ከባሕር ለማዳን ነበር እኮ የተነሳው።

ደግሞ ነገሩ ራሱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የአየር ጠባይ ተመራማሪው ሎሬንዝ የአየር ጠባይን በኮምፒውተር ሲያሰላ በ0.506127 ፈንታ 0.506 አስገባ። ያቺ ጭራ ስትቀር ጊዜው በገፋ ቁጥር ሌላ የአየር ጠባይ ወጣለት። ሌላ!

ለእህቴ ምን ልላት እንደነበር የገባኝ ሌሊት ነው። ድስት ብትጥጂ ቀጣዩ አረፋ በየት በኩል እንደሚወጣ አላውቅም፤ እሳቱን ከጨመርሽበት ግን መፍላቱን አውቃለሁ። የነገ ዝናብ አረፋው ነው። የምድር መሞቅ መፍላቱ። እንዲህ ብላት... እንጃ። እንደዚያ በስብሳ ቆማ ትሰማኝ ነበር?

ትናንት ደወለች። «ነገስ?» አለችኝ። መጠየቋ ራሱ ደስ አለኝ። አየሁ። «40 በመቶ ነው» አልኳት።

«እሱማ እሺ፤ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

እኔም... ስልኩን እንደያዝኩ...